«ፎርማት አድርገው» በሚለው ቃል ሥር የተደበቁ ሥራዎች

በግንቦትና በሰኔ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የመጣ ተማሪ ፍላሹን ያቀብላል፣ ጸሐፊዋ ትሰካለች፣ ትከፍታለች፣ ታትማለች፣ ተረኛው ይቀጥላል። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ የነበረው ወጣት ጽሑፉን አሳትሞ ጨርሶ ቅጂውን የሚወስድበት ባዶ ፍላሽ አቀበላት። ፍላሹ ላይ 16 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያሳየው 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ «ፎርማት ላድርገው?» አለችው፤ እሺ አላት። በሁለት ሰከንድ አለቀ። ፍላሹ አሁንም 4 ሜጋባይት ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። «ይኼ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ብላ መለሰችለት።

ፍላሹ አልሞተም ነበር። ወጣቱን ስጠይቀው ከሳምንት በፊት ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት) ሊሞክር ጓደኛው ፍላሹ ላይ ጭኖለት እንደነበር ነገረኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኡቡንቱ ፍላሽ ላይ ሲጻፍ ቦታውን በራሱ መንገድ ይከፋፍለዋል፤ ዊንዶውስ ሊያነበው የሚችለው ለማስነሻ የተተወችውን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ፎርማት ያደረገችው ያችን ትንሽ ክፍል ነበር። አንድ ጊዜም ሆነ መቶ ጊዜ ብታደርገው ትንሿ ክፍል አታድግም። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተን አምስት ስድስት መስመር ስንጽፍ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፍላሹ ወደ ሙሉ መጠኑ ተመለሰ።

ይህ ሁኔታ በከተማችን በየቀኑ የሚደጋገም ስለሆነ በደንብ መመርመር ያለበት ይመስለኛል። ደህና ፍላሾች ይጣላሉ፤ የተበላሹት ደግሞ ደህና ናቸው ተብለው የሰው ማስረጃና ፎቶ ይጫንባቸዋል፤ ተሰረዘ የተባለ ሰነድ በሌላ ሰው እጅ ይገኛል። የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው፤ «ፎርማት» የሚለውን ቃል ለተለያዩ ሥራዎች ሁሉ መጠቀማችን።

በመሬት ብናስበው ይቀላል። ፍላሹ ራሱ አንድ ይዞታ ነው እንበል። ይዞታው ላይ ምንም ከመሠራቱ በፊት ይሸነሸናል፤ የትኛው ቦታ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ በካርታ ይሰፍራል። ፓርቲሽን የሚባለው ይህ ሽንሸና ነው፤ ካርታው ደግሞ በፍላሹ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የክፍፍል ሠንጠረዥ ነው። ከሽንሸናው በኋላ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የትኛው ቤት ማን እንደሚኖርበት የሚመዘግብ መዝገብ ይከፈታል፤ ይህ የፋይል ሥርዓቱ ነው። ፋት32፣ ኤክስፋት፣ ኤንቲኤፍኤስ የሚባሉት የመዝገቡ አያያዝ ዓይነቶች ናቸው።

በመዳፊቱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነን የምናደርገው ፈጣኑ ፎርማት እንግዲህ የሚሠራው ምንድን ነው? ለአንዱ ቦታ አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል። ካርታውን አይነካም፣ ቤቶቹን አያፈርስም፣ መሬቱ ጠንካራ ይሁን የረገበ አይመረምርም። ስለዚህ ችግሩ ካርታው ላይ ሲሆን ፎርማት መፍትሔ አይሆንም፤ ችግሩ መሬቱ ላይ ሲሆንም ከነመኖሩ አይነግረንም።

የትዕዛዝ መስኮቱ ጥቅም እነዚህን ሥራዎች ነጣጥሎ ማሳየቱ ነው። በዊንዶውስ ከኤክስፒ ጀምሮ «ዲስክፓርት» የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ የሚሠራው ጥቁሩ መስኮት በአስተዳዳሪ መብት ሲከፈት ነው። ትዕዛዞቹን እዚህ የማሰፍራቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። የመጀመሪያው «ሊስት ዲስክ» ነው፤ የተሰኩትን ዲስኮች በሙሉ ይዘረዝራል። በዚያ ጽሕፈት ቤት ስንጽፈው ሁለት መስመር መጣ። ዲስክ 0 የኮምፒውተሩ የራሱ ሲሆን 465 ጊጋባይት ይላል፤ ዲስክ 1 ደግሞ 14 ጊጋባይት። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ቀና አለች። አሁን ድረስ 4 ሜጋባይት ሲባል የቆየው ፍላሽ መጠኑ ሳይጎድል እዚያ ተቀምጧል። ዲስክፓርት የሚያየው ሙሉውን መሬት እንጂ አንዱን ቦታ ብቻ አይደለም።

16 የነበረው 14 መሆኑ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ብሎ። 16 ቢሊዮኑን ለዚህ ቁጥር ብናካፍለው 14.9 እናገኛለን፤ ዲስክፓርት ክፍልፋዩን ትቶ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ያሳያል። ገዢና ሻጭ በዚህ ሲጨቃጨቁ ደጋግሜ ሰምቻለሁና ይህን ማወቅ ጸብ ያስቀራል።

ከዚያ «ሴሌክት ዲስክ 1» ብለን ፍላሹን መረጥን። «ክሊን» ስንል ካርታው ተጠረገ። «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ» ስንል መላው ቦታ እንደ አንድ ይዞታ ተሸነሸነ። «ፎርማት» ብለን የመዝገቡን ዓይነት ፋት32፣ አሠራሩንም «ኩዊክ» (ፈጣን) አልነው፤ በመጨረሻ «አሳይን» በሚለው ትዕዛዝ ዊንዶውስ ለፍላሹ መጠሪያ ፊደል ሰጠው። ጸሐፊዋ መስመሮቹን በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ገለበጠቻቸው።

ስትገለብጥ ግን አንዱን በቀይ አስምሪበት አልኳት፤ «ክሊን» የሚለውን። ይህ ትዕዛዝ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ቁልፉ በተጫነበት ቅጽበት ሥራው አልቋል። ዊንዶውስ ራሱ የተነሣበትን ዲስክ አጽዳ ቢሉት እምቢ ይላል፤ ከጎኑ የተሰካውን ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ግን አይከላከልለትም።

ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ ወዳጄ በዚህ መንገድ የብዙ ወራት ሥራውን ሊያጣ ነበር። ፍላሽ ሊያጸዳ «ሊስት ዲስክ» ብሎ ቁጥሩን አየ፤ ዲስክ 2። ከዚያ ስልክ ተደወለለት፣ ፍላሹንና ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ አነሣቸው፣ ሲመለስ መልሶ ሰካቸውና ካቆመበት ቀጠለ። የዲስክ ቁጥር በመሣሪያው ላይ የታተመ ነገር አይደለም፤ ሲሰካ የሚታደል ተራ ነው። ሲመለስ ዲስክ 2 የሆነው የሠርጎቹ ሃርድ ዲስክ ነበር። «ክሊን» ብሎ ሲያበቃ ነው ስህተቱ የታየው።

የዳነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «ክሊን» የሚያጠፋው የካርታውን ቦታ እንጂ ቤቶቹን አይደለም። ሁለተኛ፣ ወዳጄ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ አዲስ ፓርቲሽን አልፈጠረም፣ ፎርማት አላደረገም፣ አንዲት ፋይል እንኳ አልጻፈም። «ቴስትዲስክ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን አስሶ የድሮውን ሽንሸና ዳርቻዎች አገኛቸው፤ ካርታው እንደገና ሲጻፍ ሠርጎቹ በሙሉ እንደነበሩ ተገኙ። ዊንዶውስ ካርታው የጠፋ ወይም ሊያነበው ያልቻለ ዲስክ ሲያጋጥመው እንደ ሁኔታው አዲስ ካርታ ጻፍበት ወይም ፎርማት አድርገው የሚል መልእክት ያወጣል። ወዳጄ ያንን ምክር ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ማዳኑ እጅግ ይከብድ ነበር። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ሰው ሁሉ ሊይዘው የሚገባው ይህ ነው፤ መረጃ የጠፋ ሲመስል የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመጻፍ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ከሚጸዳው ፍላሽ በስተቀር ሌላውን ሁሉ መንቀል፤ ከ«ሴሌክት» በኋላ ደግሞ «ዲቴይል ዲስክ» ብሎ ማየት። ይህ ትዕዛዝ የመሣሪያውን ስምና የተሰካበትን መንገድ ያወጣል። ዩኤስቢ ካላለ፣ ወይም የሚያሳየው ስም የፍላሹ ካልሆነ፣ መቆም ነው።

ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ የሆነውን ሊኑክስን ለሚጠቀሙ ሥራው ያው ሆኖ ጠባዩ ይለያል። «ኤልኤስብሎክ» የሚለው ትዕዛዝ መሣሪያዎቹን ከነክፍሎቻቸው እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያሳያል፤ ፍላሹ ብዙውን ጊዜ «ኤስዲቢ» ይባላል፣ የመጀመሪያው ክፍሉ «ኤስዲቢ1»። የአንዲት ቁጥር ልዩነት ናት፤ ነገር ግን ያለ ቁጥሩ ሲጻፍ መሬቱን፣ ከነቁጥሩ ሲጻፍ ደግሞ አንዱን ቦታ ማለት ነው። ፍላሹን «ዩማውንት» ብሎ ከሥራ ካወጡ በኋላ «ኤፍዲስክ» በተባለው መሣሪያ ይሸነሸናል። ኤፍዲስክን የምወድለት አንድ ነገር አለ። የፈለጉትን ቢሰርዙና ቢፈጥሩ «ደብሊው» የምትለዋ ፊደል እስክትጫን ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍም፤ «ኪው» ብለው ቢወጡ ሁሉም እንደነበረ ይቀራል። ዲስክፓርት ግን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወዲያው ይፈጽማል። ለጀማሪ ማስተማሪያ ምረጥ ብባል በኤፍዲስክ እጀምራለሁ። «ዲዲ» የሚባለውን ግልባጭ ማውጫ ግን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ የተነገረውን መሣሪያ፣ ኮምፒውተሩ የተነሣበት ዲስክ እንኳ ቢሆን፣ ሳይጠይቅ ይጽፍበታል።

አንድ ሌላ የሊኑክስ ጠባይ ብዙ ፋይል ያበላሻል። ቅጂው አለቀ ሲል መረጃው ገና በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማከማቻ (ራም) ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ፍላሹ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ቆይቶ ነው። «ሲንክ» ብሎ ጽፎ ትዕዛዙ እስኪመለስ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ጉዳይ ክብደት አለው። ፋት32ም ሆነ ኤክስፋት የጀመሩትን ሥራ አስቀድመው የሚመዘግቡበት ማስታወሻ የላቸውም፤ ጽሑፉ መሐል ላይ ከተቋረጠ መዝገቡ ተዛብቶ ይቀራል። ፋት32 ቢያንስ የመዝገቡን ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ ኤክስፋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው ያለው። ኤንቲኤፍኤስ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ስላለው መቋረጥን የተሻለ ይችላል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ የሚሠሩ ቤቶች መብራት ከጠፋ በኋላ ፍላሹን «ቼክ ዲስክ» በሚባለው ትዕዛዝ መፈተሽ ልማድ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ታዲያ ከሦስቱ መዝገቦች የትኛው ይመረጥ? መልሱ ፍላሹ የት ሊሰካ ነው በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሐዋሳ ጎዳናዎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ባጃጅ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ብዙ ዘፈን እንዲይዝለት 64 ጊጋባይት ፍላሽ ገዝቶ ዘፈን አስጫነ፤ ቴፑ ግን ፍላሹን ጭራሽ አላወቀውም። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ። እንዲህ ያሉ ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት ፋት32 ብቻ ነው፤ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍላሾች ደግሞ ብዙዎቹ ከፋብሪካ በኤክስፋት ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ፋት32 አድርገው ቢባል የዊንዶውስ ፎርማት ሣጥን ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፍላሽ ምርጫውን አያቀርብም።

ይህ ገደብ ከፋት32 ተፈጥሮ የመጣ አይደለም። ዊንዶውስ ራሱ እስከ 2 ቴራባይት (2 ሺህ ጊጋባይት ገደማ) የሆነ ፋት32 ያነባል። የቀድሞው የማይክሮሶፍት ባለሙያ ዴቭ ፕለመር እንደተናገረው ያንን የፎርማት ሣጥን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1994 መገባደጃ ነው፤ 32 ጊጋባይት የሚለውን ጣሪያም በትልልቅ ክፍሎች የሚባክነውን ቦታ አስቦ የወሰነው እርሱ ነው። ማይክሮሶፍት ጣሪያውን ወደ 2 ቴራባይት ከፍ የሚያደርግ የሙከራ ስሪት ያወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ሲሆን፣ ለውጡም በትዕዛዝ መስኮቱ ብቻ የሚሠራ ነበር። በ1994 የተወሰነ አንድ ቁጥር እስከ ዛሬ የሐዋሳን ባጃጅ ዝም ማሰኘቱ ያስገርመኛል።

ለሾፌሩ ያደረግንለት ሽንሸና ነው። «ክሊን» ካልን በኋላ «ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ሳይዝ=32000» ብለን ከመሬቱ ግማሹን ያህል ብቻ ከለልን፤ ቁጥሩ በሜጋባይት ነው። ያንን ክፍል ዲስክፓርት ያለ ምንም ማንገራገር ፋት32 አደረገው። አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ሜጋባይት ቢወስድ ከ6 ሺህ በላይ ዘፈን ይይዛል። ሊኑክስ ያለው ሰው ግማሹን መተው እንኳ አያስፈልገውም፤ እዚያ ገደቡ ስለሌለ 64ቱንም ፋት32 ማድረግ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ 64ቱን በሙሉ በዝግታው (ሙሉ በሚባለው) ፎርማት የሞከረ ሰው ግን መጨረሻው ድረስ ጠብቆ «መጠኑ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ መጀመሪያውኑ ቢነግረው ምን ነበረበት።

ፋት32 የሚያሳፍርበት ቦታም አለ። የአንድን ፋይል ርዝመት የሚይዘው በ32 ቢት ስለሆነ ከ4,294,967,295 ባይት፣ ማለትም ከ4 ጊጋባይት፣ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ፋይል ተጠናቅሮ ሲያልቅ ከዚህ ይበልጣል፤ ፍላሹ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው «አይበቃም» የሚል የሚመስል መልእክት ይመጣና ደንበኛ ግራ ይጋባል። እዚህ ኤክስፋት ይሻላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሲሆን በ2019 ዝርዝሩን ለሕዝብ ይፋ አድርጎ ሊኑክስ እንዲጠቀምበት ስለፈቀደ ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያለ ችግር ያነቡታል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። መናኸሪያ አካባቢና በየመንገዱ ዳር «2 ቴራ» የተባሉ ፍላሾች ከአንድ የታወቀ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በእርግጥም 2 ቴራ ይላል፤ ዲስክፓርትም ያንኑ ይደግማል። ፎርማት ይደረጋል፣ ፋይል ይቀበላል። ውሸቱ ያለው ከዚህ ሁሉ በታች፣ ፍላሹን በሚያስተዳድረው ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው፤ መጠኑ ሲጠየቅ የተነገረውን ቁጥር እንዲመልስ ተደርጓል። እውነተኛው ማከማቻ 32 ወይም 64 ጊጋባይት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው።

አሠራሩ ተንኮለኛ የሚሆነው በዚህ ነው። የፋይሎቹ መዝገብ በፍላሹ መጀመሪያ፣ እውነተኛው ማከማቻ ላይ ይቀመጣል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የሚጻፈው ግን ወይ ይጣላል፣ ወይ ተመልሶ በመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ላይ ይጻፋል። ባለቤቱ ፍላሹን ሲከፍት ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ቀኑ አለ፤ ሲጫን ግን ፎቶው አይከፈትም። የልጅ ልደት፣ የለቅሶ ቪዲዮ፣ የሁለት ዓመት የመስክ ጥናት መረጃ እንዲህ ሆኖ ጠፍቷል። ሰዉም ጥፋቱን በቫይረስ ያሳብባል።

ፈጣን ፎርማት ይህን ሊደርስበት አይችልም። ሙሉው ፎርማት እንኳ ዋስትና የለውም። ከቪስታ ጀምሮ የዊንዶውስ ሙሉ ፎርማት መላ ቦታውን በዜሮ ይሞላል፤ ሐሰተኛው ቺፕ ግን ለሌለ ቦታ ሲጠየቅ ዜሮ ከመለሰ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ቦታ የተለያየ ነገር ጽፎ መልሶ የሚያነብ መሣሪያ ነው። በሊኑክስ «ኤፍ3» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ በዊንዶውስ «ኤች2ቴስትደብሊው» የሚባል አለ። የኤፍ3 አንዱ ክፍል የሆነው «ኤፍ3ራይት» ፍላሹን በአንድ አንድ ጊጋባይት ፋይሎች ይሞላል፣ «ኤፍ3ሪድ» ደግሞ እያነበበ ስንቱ እንደተረፈ ይቆጥራል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ፍላሽ 1 ቴራባይት ለመሙላት ወደ 28 ሰዓት ይወስዳል፤ ሻጩ የሚተማመነው በዚህ ነው፤ ቆሞ የሚፈትሽ ገዢ የለም። «ኤፍ3ፕሮብ» ግን የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ እየነካ በአጭር ጊዜ ትክክለኛውን መጠን ያወጣል። በላዩ ያለውን መረጃ ሊያጠፋ ስለሚችል ባዶ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው የሚሞከረው።

አንዲት ዘመዴ ገዝታ ያመጣችውን የ1 ቴራ ፍላሽ እንዲህ ፈተሽኩት። የተነገረው መጠን 1 ቴራ፣ የሚሠራው ግን 30 ጊጋባይት አካባቢ ሆኖ ወጣ። ለመመለስ ሄደች፤ ሻጩ በቦታው አልነበረም። ፍላሹን ግን አልጣልነውም። ከለልነው። «ክሊን» ካልን በኋላ «ሳይዝ=28000» ብለን የመጀመሪያውን ደህና ክፍል ብቻ ሸነሸንን፤ የሌለው መሬት ከካርታው ውጭ ቀረ። አሁን ፍላሹ 27 ጊጋባይት ነኝ ይላል፣ የሰጡትንም ይመልሳል። ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር ግን አታስቀምጪበት ብያታለሁ፤ በቺፑ የዋሸ ዕቃ በማከማቻው ጥራትም አይታመንም።

ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሽንሸናም ፎርማትም አይፈልግም። ቫይረሱ ማኅደሮቹን ይደብቅና በስማቸው የአቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል፤ ፋይሎቹ በቦታቸው ናቸው። «አትሪብ» የሚለው ትዕዛዝ የድብቅነትና የሲስተም ምልክቱን ሲያነሣ ሁሉም ይታያሉ፤ አቋራጮቹን መሰረዝ ብቻ ይቀራል። ጽሑፉን በቶሎ የሚፈልግ ተማሪ «ቫይረስ አለው» ተብሎ ፎርማት ሲደረግበት ማየት ያናድዳል። ይባስ ብሎ የበሽታው ቤት ብዙ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ነው፤ ፍላሹ ታጥቦ ወጥቶ በማግስቱ እዚያው ተመልሶ ይያዛል።

ስለ ምስጢር ደግሞ። በየጽሕፈት ቤቱ የመታወቂያ፣ የፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂ በፍላሽ ይገባል ይወጣል። መሥሪያ ቤቶችም አሮጌ ፍላሾችን ፎርማት አድርገው ለሌላ ክፍል ያስተላልፋሉ፤ አንዳንዴም ለሠራተኛ ይሰጣሉ። ፈጣን ፎርማት ቤቶቹን እንደማያፈርስ ካየን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ «ፎቶሬክ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ያለው ማንም ሰው ሰነዶቹን መልሶ ያወጣቸዋል። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ካወጣች ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ለዚህ የሚሆነው ትዕዛዝ «ክሊን ኦል» ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዜሮ ይጽፋል። 16 ጊጋባይት ፍላሽ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍበት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ፍላሾች ከባለቤታቸው የሚደብቋቸው ጥቂት መጠባበቂያ ክፍሎች ስላሏቸው እጅግ ጥብቅ ለሆነ ምስጢር ፍላሹን መሰባበር ይሻላል፤ ለተለመደው ሥራ ግን ይህ በቂ ነው።

በአጫጭር የኮምፒውተር ሥልጠናዎች ወርድና ኤክሴል ለሳምንታት ይሰጣሉ፤ ስለ ፍላሽ ግን «ሰክታችሁ ክፈቱ» ተብሎ ይታለፋል። ግማሽ ቀን ቢሰጠው የብዙ ሰው ንብረት ይድን ነበር።

ጉዳዩ በዚህ ዓመት ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በከተማችን ጽሕፈት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ወይ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር፣ ወይ ወደ ሊኑክስ መዞር አለባቸው፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አሮጌዎቹን አይቀበልም። ሁለቱም መንገዶች የሚያልፉት ኮምፒውተሩ ተነሥቶ አዲሱን ሥርዓት በሚጭንበት ማስነሻ ፍላሽ ነው። እዚህም ሽንሸናው ይመጣል። አዳዲስ ኮምፒውተሮች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚነሡት ከፋት32 ነው፤ የዊንዶውስ 11 ዋና የመጫኛ ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ፋት32 ላይ አይገባም። ወይ «ዲዝም» በሚባለው ትዕዛዝ ፋይሉን መቆራረጥ፣ ወይ ፍላሹን ለሁለት መሸንሸን ነው፤ ለማስነሻ 1 ጊጋባይት ያህል ፋት32፣ ለቀሪው ኤንቲኤፍኤስ። ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጥ ሰው ያ ፍላሽ ሥራውን ሲጨርስ እንደዚሁ ለሌላ ሰው እንዳያውሰው እለምናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የወጡ የዊንዶውስ ስሪቶች ከአንድ ፍላሽ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ፍላሹ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 1 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ፎርማት ቢደረግም ያው 1 ጊጋባይት ነው። «ክሊን» ብሎ፣ አንድ ክፍል አድርጎ ሸንሽኖ መመለስ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።